ሞተሩ የት ጋ ነው የሚያልቀው?

ሱሉልታ ሜዳ ላይ የእህቴ ልጅ በሪሞት የምትበረዋን ትንሿን አውሮፕላናችንን ወርውሮ እጁን ገና ሳያወርድ ነው ድምፁን የሰማሁት። ግርርርርር። የሚሽከረከር ነገር ድምፅ አይደለም፣ ብርድ ይዞት ጥርሱ የሚንቀጫቀጭ ሰው ነው የሚመስለው። ስሮትሉን (ሪሞቱ ላይ ፍጥነት የሚሰጠውን ዘንግ) ገፋሁት፣ ባሰበት። መለስኩት፣ ትንሽ ዞረ። እንደገና ስገፋው ግርርር፣ ከዛ ፀሐይ በአፍንጫዋ ሳር ውስጥ ገባች።

"ፀሐይ" ያላት ልጁ ነው። በፈረንጅ 1935 እዚሁ አዲስ አበባ ተሰርታ ጣሊያን ወስዷት የነበረችው አውሮፕላን ጥር 2016 ላይ ስትመለስ በቲቪ አይቶ "የኛንም ፀሐይ እንበላት" አለኝ፣ እሺ አልኩት። የኛዋ ከፎምና ከሆት ግሉ የተሰራች ናት፣ ክንፏ አንድ ሜትር ከሃያ። (በማስቲሽ እንዳትሞክሩ፣ ፎሙን እንደ ስኳር ነው የሚያቀልጠው፣ አንድ ሙሉ ክንፍ በልቶብኛል።) የማብረሪያ ፈቃድ ነገር ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል፣ መሀል ከተማ ቦሌ ኤርፖርት አፍንጫ ስር ማብረር ግን በጭራሽ አይታሰብም፣ ለዛ ነው እስከ ሱሉልታ የምንሄደው።

ልጁ ሮጦ ሄዶ አነሳት። አፍንጫዋ ተጨማዷል፣ ሌላው ደህና ነው። "ሞተሩ ሞተ?" አለኝ፣ በቃሉ ራሱ ሳቀበት፣ ሞተር ሞተ እያለ። እኔ ግን አልሳቅኩም፣ "አዎ ሞተ" አልኩት። ከዛ መኪና ውስጥ ገብተን ወደ ከተማ ስንወርድ በመስኮት እያየ አንድ ነገር አለ፣ ያኔ ቁምነገር ብዬ አልሰማሁትም፦

"የበፊቱም እንዲህ ብሎ ነው የሞተው፣ አይደል?"

ያልጠረጠርኩት ነገር የለም

ማታ አራት ኪሎ ቤት ገብቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋት። መጀመሪያ ፕሮፔለሩን አወለቅኩ። ቤት ውስጥ ሞተር ስትሞክሩ ሁሌም መጀመሪያ ፕሮፔለር ይወልቃል፣ የግራ ሌባ ጣቴ ላይ ያለው ጠባሳ ምስክሬ ነው። ባትሪ ሰካሁ፣ ኢኤስሲው (በባትሪውና በሞተሩ መሀል ሆኖ ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው ሰርኪት) የተለመደውን ዜማውን ዘመረ፣ ስሮትል ሰጠሁት፣ ሞተሩ እንደ ንብ ዞረ። ንፁህ ድምፅ፣ ከታች እስከ ላይ። ሜዳ ላይ ሲንቀጠቀጥ የነበረው ራሱ ሞተር እኮ ነው! ሐኪም ጋ ሲደርስ ህመሙ እንደሚጠፋበት ሰው ሆነብኝ።

እና ጥርጣሬ ጀመርኩ። ባትሪው ባለ ሦስት ሴል ሊፖ ነው፣ ሲሞላ እያንዳንዱ ሴል 4.2 ቮልት፣ ባጠቃላይ 12.6። በቴስተር ለካሁት፣ ሦስቱም ደህና ናቸው። ግን ሊፖ ቁጭ ብሎ ሲለካ ይዋሻል፣ እውነቱ የሚወጣው ሲጫኑት ነው፣ ያረጀ ባትሪ ስራ ፈቶ 12 ቮልት ያሳይና ስሮትል ስትሰጡት ቁልቁል ይወርዳል፣ ኢኤስሲውም ባትሪው አለቀ ብሎ ሞተሩን ይቆርጣል። ስለዚህ ሌላ አዲስ ባትሪ ቀየርኩ (ቻርጅ ላይ እያለ መብራት ሁለቴ ጠፍቶ)፣ ፕሮፔለሩን መልሼ ገጥሜ፣ አውሮፕላኗን በረንዳ ላይ ከወንበር ጋር አስሬ፣ ልጁን ሳሎን አስቀምጬ በር ዘግቼበት ሞከርኩ። ግርርርር። ጎረቤት መስኮት ከፈተ።

ቀጥሎ ፕሮፔለሩን ጠረጠርኩ። እዚህ ጋ ትንሽ ልግባበት፣ አዲስ አበባ ሆኖ አውሮፕላን ለሚሰራ ሰው የሚገባ ነገር ስለሆነ። ከተማችን 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አየሩ ባህር ጠረፍ ላይ ካለው (ባህር ዳርን ማለቴ አይደለም) በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፣ ሱሉልታ ደግሞ ከዛም በላይ ከፍ ይላል። ኢንተርኔት ላይ ፈረንጆቹ "ለዚህ ሞተር 10 ኢንች ፕሮፔለር ይበቃል" ሲሉ ያንን ወፍራም አየር ይዘው ነው። እዚህ ያው ፕሮፔለር የሚጨብጠው አየር ያንሰዋል፣ ግፊቱ ይቀንሳል፣ የሚስበው አምፔርም አብሮ ይቀንሳል። እኔም ያንን አስቤ 11 ኢንች ገጥሜ ነበር። አንድ ኢንች ምን አላት እንዳትሉ፣ ዲያሜትር ትንሽ ሲጨምር ሞተሩ ላይ የሚመጣው ሸክም ከሱ በጣም በበለጠ ነው የሚጨምረው። በቃ አጨናንቄዋለሁ ብዬ ወደ 10 መለስኩት። ትንሽ ተሻለው፣ ከግማሽ ስሮትል በላይ ግን ያው ግርርር። ይሄ "ትንሽ ተሻለው" የሚባል ነገር ነው ሰውን የሚያጠፋው፣ መንገድ ላይ ያለህ ይመስልሃል።

ከዛ ኢኤስሲው። ስሮትሉን እንደገና አስተማርኩት፣ ሪሞቱ ላይ ስሮትል እስከ ላይ፣ ባትሪ ስካ፣ ጢጥ ጢጥ ሲል ወደ ታች፣ ታውቁታላችሁ። ታይሚንጉን (ሞተሩን የሚገፋበትን ቅጽበት) ከዝቅተኛ ወደ መካከለኛ፣ ከመካከለኛ ወደ ከፍተኛ ቀያየርኩ። ምንም። ዱባይ ለምትመላለስ ዘመዴ ደውዬ አዲስ ባለ 30 አምፔር ኢኤስሲ አስመጣሁ፣ ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ፣ ገጠምኩት። ግርርርር።

እዚህ ላይ የተረጋጋሁ መሰለኝ። ምክንያቱም ይሄ ሙያ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ጥያቄ አለች፦ ችግሩ ማንን ተከትሎ ሄደ? ባትሪ ቀየርኩ፣ አለ። ፕሮፔለር ቀየርኩ፣ አለ። ኢኤስሲ ቀየርኩ፣ አሁንም አለ። ያልተቀየረው ማነው? ሞተሩ። ፍርዱ ተሰጠ። ከሞተሩ የሚወጡትን ሦስት ሽቦዎች በቴስተር ጢጥ አስባልኳቸው፣ ሁሉም ጢጥ ይላሉ፣ ግን ሞተር ውስጡ ተቃጥሎም ጢጥ ሊል ይችላል ብዬ አለፍኩት። ለዘመዴ ደግሜ ደወልኩ፣ ሞተር አምጪልኝ አልኳት። "አንተ ልጅ መቼ ነው የምታድገው" ብላ ዘጋችብኝ፣ ግን ታመጣለች፣ አውቃታለሁ።

ተክለሃይማኖት

የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን የውሃ ፓምፕ የሚያስጠመጥሙበት ሰው አሉ፣ ተክለሃይማኖት አካባቢ። "እስኪ ውሰድላቸው፣ ምን ትከስራለህ" አለችኝ። እኔ መጀመሪያ ሳቅኩ። የሳቸው ስራ የወፍጮ ሞተር፣ የፓምፕ ሞተር ነው፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው። የኔ ሞተር የክብሪት ቀፎ ታህላለች። ግን ፒያሳ የማውቃቸው ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞች ሰፈሩ ሲፈርስ የት እንደሄዱ አላውቅም፣ አማራጭም አልነበረኝም፣ ቅዳሜ ጠዋት ኪሴ ከትቻት ሄድኩ።

ቤቱ ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይሸታል። ግድግዳው ላይ መዳብ ሽቦ በየውፍረቱ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል። ሽማግሌው መነፅራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አንድ ትልቅ ስቴተር (ሽቦው የሚጠመጠምበት የማይዞረው የሞተር ክፍል) ውስጥ እጃቸውን ከተው ይሰራሉ።

"ጋሼ እንደምን አደሩ፣ ይቺን ሞተር ላሳይዎት ብዬ ነው፣ ተቃጥላብኝ፣ የምትጠመጠም ከሆነ..."

ተቀበሉኝና መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ምን መሰላችሁ? አሸተቷት። አፍንጫቸው ስር አድርገው እንደ ቡና ስኒ።

"የተቃጠለ ሞተር ይሸታል ልጄ። ይቺ ምንም አትሸትም።"

ከዛ ዘንጓን ይዘው ግራ ቀኝ ነቀነቁ፣ ኩሽኔታዋ አልላላም። በጣታቸው አዞሩ፣ ከች ከች ከች እያለች ዞረች። "ማግኔት አላት?" አሉኝ። አለቻት፣ 14፣ አልኳቸው። ማግኔቶቹን አንድ በአንድ በካቻቢቴ ጫፍ ገፋ ገፋ አደረጉ፣ ተላቅቆ ስቴተሩን የሚፍቅ ካለ ብለው ነው፣ የለም። ገልብጠው የተገጠመችበትን ብሎኖች አዩ፣ ብሎን ሲረዝም ውስጥ ገብቶ ጥቅልሉን ይበሳዋል፣ እሱም የለም። እኔ ቆሜ የማየው፣ በውስጤ ደሞ "ኧረ ጋሼ ይቺ ብራሽለስ፣ ካርቦን የሌላት ሞተር ናት እኮ" እያልኩ ነው፣ አላፍርም።

"እንግዲህ ማግኔት ካላት ስታዞራት ዲናሞ ናት" አሉ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ። ዲናሞ! ከልጅነቴ በኋላ ቃሉን ሰምቼው አላውቅም፣ ከተበላሸ ቴፕ ፈልቅቀን በድንጋይ ባትሪ የምናዞራት። ሁለቱን ሽቦዎች ጫፍ ለጫፍ አገናኝተው ያዙና "አዙራት" አሉኝ።

አዞርኳት። ከበደችኝ። ማር ውስጥ የሚዞር ነገር ነው የሚመስለው፣ ፍጥነት በጨመርኩ ቁጥር እጄን ትይዘኛለች። ነገሩ ግልፅ ነው፣ ስትዞር መብራት ታመነጫለች፣ ሁለቱ ሽቦ ስለተገናኘ መብራቱ እዛው ውስጧ ይዞራል፣ መልሶ እንቅስቃሴውን ይቃወማል። የአንዱን ሽቦ ቦታ በሌላው ቀየሩና "አሁንስ" አሉኝ። ቀለለች። የመጨረሻዎቹን ሁለት አገናኙ። ይሄም ቀላል።

"አንዱ ከባድ፣ ሁለቱ ቀላል። ሁለቱም ቀላል ውስጥ ያለው ሽቦ የቱ ነው?"

ቀይ ሽሪንክ (ብየዳ የሚሸፈንበት ፕላስቲክ) ያለበስኩት። እሱ የሌለበት ከባድ ነው፣ እሱ ያለባቸው ሁለቱም ቀላል ናቸው። ቴስተሬ ሦስት ሳምንት ጢጥ ጢጥ ያለበትን ነገር ሰውየው በእጃቸው በአንድ ደቂቃ ለዩት። ለነገሩ ቴስተሩ ላይ አልፈርድም፣ የእንደዚህ አይነት ሞተር ጥቅልል ሬዚስታንሱ ከአንድ ኦም አንድ አስረኛ አካባቢ ነው፣ የቴስተሩ የራሱ ገመድ ከዛ ሊበልጥ ይችላል። ጢጥ የሚለው መንገድ መኖሩን እንጂ መንገዱ ስንት መኪና እንደሚያሳልፍ አይነግራችሁም።

እኔ ደስ አለኝ። "አየኋት፣ አንዱ ጥቅል ተቃጥሏል ማለት ነው!" አልኩ። አያችሁ፣ አሁንም።

"ቆይ" አሉኝ። ምላጭ አነሱ። ቀዩን ሽሪንክ ቀደው፣ ከብየዳው ኋላ ወደ ሞተሩ ጠጋ ብሎ ያለውን ሽቦ ዙሪያውን በቀስታ ፋቁት፣ ቀለሙ ሲለቅ ውስጡ አዲስ ሳንቲም መሰለ። የተፋቀው ላይ ሌላኛውን ሽቦ ጠምዝዘው "አዙር" አሉኝ።

ከባድ ነበረች። ልክ እንደ መጀመሪያው።

ሽማግሌው መነፅራቸውን ከግንባራቸው አውርደው አይናቸው ላይ አደረጉና የኮኔክተሩን ብየዳ ወደ መብራቱ አስጠጉት። ብዙ አልተናገሩም። "ይሄንን ማነው የበየደው?" ብቻ ነው ያሉት።

ዝም ያልኩባት ጊዜ

ስንት ሰከንድ ዝም እንዳልኩ አላውቅም። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ "ከፋብሪካው ነው" ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ ፊት፣ ለማንም በማይጠቅም ነገር።

የተሰራው ነገር እንዲህ ነው። ሞተሯ ስትመጣ ሽቦዎቿ ረጅም ነበሩ፣ የአውሮፕላኗ አፍንጫ ውስጥ ተጠቅልለው ሲታዩ አስቀየሙኝ፣ ቆረጥኳቸው። ጫፋቸው ላይ አዲስ ኮኔክተር በየድኩ። የማላውቀው ነገር ደግሞ እነዛ ሽቦዎች እንደ መብራት ገመድ ተራ ሽቦ አይደሉም፣ ራሱ ጥቅልሉ ነው ወደ ውጪ የወጣው፣ ቀጫጭን የመዳብ ክሮች ናቸው፣ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ቫርኒሽ ለብሰዋል። ቫርኒሹ ካልተፋቀ ሊድ አይዝም። ፋብሪካው ጫፉን በጣም በጋለ ሊድ ውስጥ ነክሮ ነው የሚያነሳው፣ እኔ ቆርጬ የጣልኩት ያንን የተዘጋጀ ጫፍ ነው። በኔ 30 ዋት ሶልደሪንግ አይረን ደሞ፣ በዛ ላይ ልጁ "አለቀ? አለቀ?" እያለኝ፣ በማግስቱ ሱሉልታ ልንሄድ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ የሚባለው ለኔ ነው። ሽማግሌው ብየዳውን ሲፈቱት ከስምንቱ ክሮች በደንብ የያዙት ሁለቱ ብቻ ነበሩ፣ ሌሎቹ ሊዱ ውስጥ ቫርኒሻቸውን እንደለበሱ ተኝተዋል።

ሌላው ሁሉ ከዛ በኋላ ራሱ ገባኝ። ያለ ፕሮፔለር ሞተሯ የምትስበው አንድ አምፔር እንኳን አይሞላም፣ ለዛ ሁለት ክር ይበቃል፣ እንደ ንብ ትዞራለች። ፕሮፔለር ሲገጠም ከአስር አምፔር በላይ በሁለት ክር ልለፍ ይላል። በዛ ላይ ኢኤስሲው አይን የለውም፣ ማግኔቱ የት እንደደረሰ የሚያውቀው ሁለቱን ሽቦ እየነዳ ሦስተኛውን በማዳመጥ ነው። አንዱ ሽቦ ከሌሎቹ ጋር እኩል ካልሆነ ሸክም ሲበዛ ቁጥሩ ይጠፋበታል፣ ያለ ጊዜው ይገፋል፣ ግርርርር። የ10 ኢንቹ ፕሮፔለር "ትንሽ ያሻለው"ም ለዚህ ነው። እጄን ሽቦዎቹ ላይ ባሳርፍ ኖሮ አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ሲግል ይሰማኝ ነበር። አልነካሁም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይላሉ እናቶቻችን፣ እኔ ሦስት ሳምንት የባትሪና የኢኤስሲ ወጥ ሳማስል የኔው እዛው አፍንጫዋ ውስጥ ያርር ነበር።

ግን እስካሁን የሚበላኝ ብየዳው አይደለም። መጥፎ ብየዳ ማንም ይበይዳል። የሚበላኝ ሎጂኬ ትክክል መሆኑ ነው። ችግሩ በእርግጥም ሞተሯን ተከትሎ ነው የሄደው! አንድ በአንድ ቀይሬ፣ ሳልዘል፣ መፅሐፍ ላይ እንደሚባለው ነው የሰራሁት። ያጠፋሁት ሞተር ስል ምን እያልኩ እንደሆነ አለመጠየቄ ነው። ባትሪው ተገዝቶ የመጣ፣ ኢኤስሲው ተገዝቶ የመጣ፣ ሞተሩ ተገዝቶ የመጣ። በነዚህ መሀል እኔ የሰራሁት ነገር አለ፣ ያ ነገር ግን በዝርዝሬ ውስጥ የራሱ ስም አልነበረውም። ብየዳው ሞተሩ ላይ ስለተለጠፈ ሞተር ብዬ ቆጠርኩት። ሞተሩ የት ጋ አልቆ እኔ የት ጋ እንደምጀምር መስመር አላሰመርኩም።

እና ደግሞ የሚጮኸው እሱ ስለነበረ ነው። ሽቦ አይጮህም። ሞተሩ ነው ግርር የሚለው፣ ስለዚህ ሁላችንም ዞረን እሱን እናያለን። ይሄን ስጽፍ ቢሮ ውስጥ የሆነ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፣ አንድ ልጅ በየስብሰባው እየጮኸ "አስቸጋሪ" ስላልነው፣ ግን እሱን ሌላ ቀን።

"እኔ ነኝ ጋሼ" አልኳቸው በመጨረሻ።

"ጥሩ" አሉኝ፣ "እንግዲያው አልተቃጠለችም።"

ከዛ ሌሎቹን ሁለት ሽቦዎችም አስፈቱኝ፣ እነሱም ያው ነበሩ ማለት ይቻላል፣ ብቻ አምስትና ስድስት ክር ይዘው ነው የተረፉት። ክሮቹን በተንተን አድርገው አንድ በአንድ በምላጭ ፋቁ፣ በራሳቸው ትልቅ ሶልደሪንግ አይረን መጀመሪያ ክሮቹን ብቻ ሊድ አጠጧቸው፣ መዳቡ ሙሉ በሙሉ ነጭ እስኪሆን፣ ከዛ ነው ኮኔክተሩ የመጣው። ሦስተኛውን እኔ እንድሰራ ሰጡኝ። ሂሳብ ስጠይቃቸው የምላጩን ክፈል ብለው ሳቁ፣ ስትበር ግን ቪዲዮ እንዳሳያቸው አስማሉኝ።

ቁራሌው

ህዳር መጀመሪያ ላይ በረረች። አስራ አንድ ደቂቃ። 11 ኢንቹን ፕሮፔለር መልሼ ገጥሜላት ነበር፣ እሱ ከመጀመሪያውም ጥፋት አልነበረበትም። ስታርፍ ሮጬ ሄጄ ሦስቱንም ሽቦ በጣቴ ነካሁ፣ እኩል ለብ ብለዋል። ቪዲዮውን ሽማግሌው ሦስቴ አስደግመው አዩት፣ ሁለተኛው ላይ ድምፁን ከፍ አርግ አሉኝ።

ከዱባይ የመጣችው ሞተር እስካሁን ካርቶኗ ውስጥ ናት። ሽቦዋ ረጅም ነው፣ ይርዘም።

ከበረራው ስንመለስ ግን ልጁ ያችኑ ወሬ አነሳ፣ ይሄ ልጅ የማይረሳው ነገር የለም። "የበፊቱም እኮ እንዲህ ነበር የሚለው።" አሁን ሰማሁት። ከሁለት አመት በፊት የነበረችን ሞተር፣ ያኔም ግርርር ብላ፣ ያኔም ያለ ፕሮፔለር ደህና ዞራ፣ ያኔም ሞተች ብዬ የፈረድኩባት። የሷንም ሽቦ ቆርጬ ነበር? መኪናውን እየነዳሁ ለማስታወስ ሞከርኩ። ቆርጫለሁ። ፒንሳውን ከማን እንደተዋስኩ ሁሉ ትዝ አለኝ።

እሷን ከአሮጌ ምጣድና ከሁለት የዘይት ጀሪካን ጋር ለቁራሌው ነው የሰጠኋት። ሰውየው በእጁ መዘን አድርጎ "ይሄ መዳብ አለው" ብሎኝ አስር ብር ጨምሮልኛል፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ምናለሽ ተራ ሄጄ ነበር፣ ለሌላ ጉዳይ፣ ማለቴ ለሌላ ጉዳይ ነው ብዬ ነው ከቤት የወጣሁት። የተፈታታ ሞተር የሚሸጡ ልጆች ጋ ቁጢጥ ብዬ ክምሩን ሳገላብጥ "ምን ፈልገህ ነው ብራዘር?" አለኝ አንዱ።

"ትንሽ ዲናሞ" አልኩት፣ "ሦስት ሽቦ ያላት፣ ሽቦዋ አጭር።"